«ወላጅ አምጣ» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ፣ ለየትምህርት ቤቱ ርዕሳነ መምህራን፣ እንዲሁም እንደኔ በጨለማ ወጥተው በጨለማ ለሚገቡ ወላጆች

ጤና ይስጥልኝ።

ሚኒባስ ታክሲ እነዳለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ፤ ስመለስ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሦስቱም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ መካከለኛው ልጄ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ስለ አጎቱ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ አጎት የለውም።

አምና 7ኛ ክፍል ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ካርዱን ልቀበል ሄድኩ። በፊት የምትቀበልለት ታላቅ እህቱ ነበረች፤ እሷ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ሰዓቷ አልገጥም አለ። እናቱ ጉሊት ላይ ናት። መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች የዚያን ቀን ሥራ ፈት ነበርኩ። ያ ባይሆን ዛሬም ምንም የማውቀው ነገር አይኖርም ነበር።

በር ላይ ጥበቃው «የስንተኛ ክፍል ወላጅ ነዎት?» አሉኝ። «የ7ኛ» አልኩ። «7ኛ ምን?» ዝም አልኩ። ኤ ይሁን፣ ሲ ይሁን፣ ኤፍ ይሁን አላውቅም። የመስመሩን መኪና ሁሉ ታርጋ በቃሌ የማውቅ ሰውዬ የልጄን ክፍል አላውቅም። ጥበቃው ፈገግ ብለው አሳለፉኝ። እንደኔ ዓይነቱ ብዙ ሳያጋጥማቸው አልቀረም።

የክፍል ኃላፊዋ፣ ልጆቹ ሆምሩም የሚሏት፣ ወጣት መምህርት ናት። የልጄን ስም ነግሬያት ካርዱን እየፈለገች «እርስዎ ደግሞ ምኑ ነዎት?» አለችኝ። «አባቱ ነኝ» ስላት እጇ ባለበት ቆመ።

«አባቱማ አረብ አገር ነው ያለው። የሚያሳድጉት አጎቱ ናቸው። ሦስት ጊዜ መጥተው ፈርመዋል እኮ!»

ፋይሉን አወጣችልኝ። ሦስት ፊርማ አለ። ከፊርማው በላይ «ሁለተኛ አይለመደውም፣ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ» የሚል ጽሑፍ። የእጅ ጽሑፉ ከኔ ያምራል።

አጎትየው ማን እንደሆነ ልጄ ሁለት ቀን ከዘጋኝ በኋላ ተናዘዘ። ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ታክሲ ተራው ጋ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞር ጀብሎ ነው። ዕድሜው 25 ቢሆን ነው። ዋጋው ለአንድ ጊዜ 100 ብር፣ ኮት ጨምሮ። ኮቱን የሚያውሰው ሊስትሮው ነው።

የሳቃችሁ ትኖራላችሁ። ግን በዚህ ከተማ የተማረ ማንንም ጎልማሳ ጠይቁ፤ የተከራየ አጎት ወይም የተከራየች አክስት ያላየ የለም። እኔም በተማሪነቴ አይቻለሁ። ያኔ ዋጋው ሁለት ብርና አንድ ሻይ በዳቦ ነበር። «ወላጅ አምጣ» እስካለ ድረስ ወላጅ የሚያከራይ ገበያም አለ።

ወደ ጀብሎው የሄድኩት ልመታው ነበር። አልዋሽም። ሲያየኝ አወቀኝ፤ ልጄ እኔን ይመስላል። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ስመክረው ግን ከልቤ ነው» አለኝ።

ከዚያ ስለ ልጄ ይነግረኝ ጀመር። የሚፎርፈው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። ሁለቱም ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። ፎርፎ የሚሄደው ጆተኒ ቤት ነው፤ ግን አይጫወትም፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከቦታው ሆኖ እንዲያነብ ታዝዞ አቅቶታል። ክፍሉ ሳቀበት። መጥፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ደግሞ ጋሼ፣ የዚህ ልጅ ዓይን ልክ አይመስለኝም። የታክሲ ታፔላ አያነብም። ወያላው ሲጠራ ሰምቶ ነው የሚገባው።»

ታፔላ! እኔ ታፔላ ሰቅዬ ስዞር የምውል ሰው ነኝ። የልጄን እንጀራ የማገኘው ሰው ታፔላ አንብቦ ስለሚሳፈርልኝ ነው።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የሩቁ አይታየውም፤ መነጽር ታዘዘለት። ያንን ሁሉ ጊዜ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው «ትኩረት የለውም» ነበር። ረዥም ስለሆነ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነው የከረመው። ክፍሉ ውስጥ 58 ልጆች አሉ።

አባቴ እኔን ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ ለመምህሩ ያለው ትዝ ይለኛል፦ «ዓይኑን ብቻ አደራ።» ያኔ ወላጅ እንዲህ ነበር የሚለው። ግረፈው፣ ቅጣው፣ ዓይኑን ብቻ አትንካብኝ ማለት ነው። ዱላው መቅረቱ ደግ ሆነ። አደራ የሚባባለው ሰው ግን አብሮ ቀረ። አባቴ መምህሩን በስሙ ያውቀው ነበር፤ በገናና በፋሲካ ቤታችን ይመጣ ነበር። እኔ የልጄን መምህርት ስም ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።

መምህሯን አልወቅስም። ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ልጄን የሚያዩት ሰዎችና ስለ ልጄ የሚወስኑት ሰዎች አይተዋወቁም። ጀብሎው በየቀኑ ያየዋል፤ የሚጠይቀው የለም። መምህሯ ትወስናለች፤ 58 ልጅ ይዛ የአንዱን ዓይን ልታይ አትችልም። አባትየው ደግሞ አረብ አገር ነው፤ አራት ኪሎና መገናኛ መሀል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የወጣ ሰሞን ታክሲ ውስጥ የሚባለውን ብትሰሙ! ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ ያው ጉባኤ ነው። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ሲባል መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህም ከ100 ልጅ ከ90 በላይ አላለፈም ማለት ነው። ኋላ ወንበር ያለው መምህሩን ይረግማል። መሀል ያለችው ቲክቶክን። ጋቢና ያለው መንግሥትን። ስንት ዓመት ሰማሁ፤ «የኔ ልጅ ደብተር ምን ይመስል ይሆን?» ያለ አንድ ተሳፋሪ አላጋጠመኝም። ሾፌሩም አላለም።

ከዚያ የካርድ ቀን በኋላ ነገሩ አንገብግቦኝ ወተመህ ውስጥ ገባሁ። ለማታውቁት፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ህብረት ማለት ነው። መግባቱ አይከብድም። ስብሰባው ላይ «ማን ይመረጥ?» ሲባል ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ ቀና ያለ ሰው ተመረጠ ማለት ነው። እኔ ቀና አልኩ።

እዚያ ገብቼ የገረመኝ መመሪያ አለመጥፋቱ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ወላጅና ኅብረተሰብ በትምህርት ቤት አመራር ይሳተፋሉ ተብሎ ተጽፏል። በ1994 የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ደግሞ ማን ምን እንደሚሠራ ይዘረዝራል። ከዚያ የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም የሚባለው መጣ። አራት ዋና ዋና ጉዳዮች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። አራተኛው እኛ ነን።

ታዲያ የኛ ትምህርት ቤት ሪፖርት ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚለውን ገጽ ገለጥኩት። በጥሬ ገንዘብ ይህን ያህል ብር። በዓይነት ይህን ያህል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል ቆርቆሮ፣ ይህን ያህል ወንበር። በጉልበት፣ ወደ ብር ሲቀየር፣ ይህን ያህል። አለቀ። አንድ አባት ስለ ልጁ መጥቶ ያወራው ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ወደ ብር አይቀየርማ።

ሲሚንቶ አያስፈልግም አላልኩም። «ትምህርት ለትውልድ» በሚል በየቦታው የተሠሩትን ክፍሎች አይቻለሁ፤ ልጅ ከሚፈርስ ግድግዳ ሥር ባይቀመጥ ይሻላል፣ ያዋጣም ሰው ተመስግኗል። ግን የኔ ልጅ አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ውስጥ ነው ሰሌዳው ያልታየው።

ወላጅ አይመጣም ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አንመጣም። እስቲ የምትጠሩን እንዴት እንደሆነ እንይ። ሁለት ዓይነት ጥሪ ነው የማውቀው። አንዱ ጥፋት ነው፣ አንዱ መዋጮ ነው። ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ሆዴ ነው የሚሸበረው፣ ቀጥሎ ኪሴ። ደግሞ ስብሰባው ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እኔ መንገድ ላይ ነኝ። መኪናው የኔ አይደለም፤ ሠራሁም አልሠራሁም ለባለንብረቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ። የጉሊቷ እናት ጥላ የሄደችውን ቲማቲም የሚሸጥላት የለም። የቀን ሠራተኛው ከቀረ ቀኑ ይቆረጥበታል። ወረቀቱ ደግሞ «በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት የማይገኝ ወላጅ ለሚፈጠረው ችግር ኃላፊነቱን ይወስዳል» ይላል። ከመጣን በኋላም አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ «ባለድርሻ አካላት ቅንጅታዊ አሠራር» እንሰማለን። በመጨረሻ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንባላለን፤ ከዚያ የሚዋጣው ይነገረናል። የማንኛችንም ልጅ ስም ሳይነሳ እንበተናለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት አለችኝ። ከዋሽንግተን ጎን ነው። ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። የልጇ ትምህርት ቤት የሚልክላት ወረቀት በአማርኛ ነው የሚደርሳት። እዚያ የኛ ሰው ስለበዛ ካውንቲው ማስታወቂያውን በአማርኛም ያወጣል። ከመምህሯ ጋር የምትገናኘው በቀጠሮ ነው፣ አጭር ጊዜ፣ ስለራሷ ልጅ ብቻ። እንግሊዝኛ ካቃታት አስተርጓሚ ይመደብላታል። አንድ ቀን ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አነበብኩት፤ ሁሉም ገባኝ። እኛ እዚህ፣ በገዛ አገራችን፣ በገዛ ቋንቋችን የሚደርሰንን «ጉዳዩ፦ ይመለከታል» የሚል ደብዳቤ የሚያስረዳ አስተርጓሚ ቢመደብልን አልጠላም።

አሁን የምጠይቀውን ልናገር።

ስብሰባውን እሁድ አድርጉት። መምህራንም እረፍታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በየወሩ አላልኩም፤ በሴሚስተር ሁለት እሁድ ይበቃል፣ ለመጡትም መምህራን አበል ይታሰብ። እሁድ ካልሆነ ደግሞ እኛ ወዳለንበት ኑ። እዚህ ላይ ስለ እድር ላንሳ፤ ብዙ ሳስብበት የከረምኩት ይሄንን ነው።

ትምህርት ቤቱ 900 ወላጅ ጠርቶ 40 ሰው ይመጣል። የሰፈራችን እድር በወሩ መጨረሻ እሁድ ሲሰበሰብ የሚቀር የለም። ለምን? መቅረት ያስቀጣላ! ደግሞ ነገ የሚቀብረው እሱ ነው። እድሩ የእያንዳንዱን ቤት ስምና የቤተሰቡን ቁጥር መዝግቧል። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው። ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን ቤት ጠብ እንዳለ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ በመጠይቅ የሚለቅመውን መረጃ እድሩ ተቀምጦ ያገኘዋል። እኛ ግን ይህን ሁሉ አደረጃጀት የምንጠቀምበት ሰው ሲሞት ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ሞከርነው። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ እድራችን ስብሰባ ላይ 20 ደቂቃ እንዲናገር አደረግሁ። ዳኛው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁት፤ «ብር እንዳትጠይቅ»። አልጠየቀም። «ከዚህ ሰፈር የሚመጡ 61 ልጆች አሉን፤ ከነሱ 14ቱ በዚህ ወር ከአምስት ቀን በላይ ቀርተዋል» አለ። ስም አልጠራም። ቤቱ ጉም ጉም አለ። ሲወጣ ሰባት ወላጆች በር ላይ ይዘውት ቆሙ። አንዷ እናት «የኔ ከ14ቱ አለበት?» ብላ ጠየቀችው። ነበረበት። አራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤቱን ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት።

አሁን ብዙ ሰፈር እየፈረሰ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም እየገባ ነው። እድሩም እየተበተነ ነው፤ አዲሱ ሰፈር ገና አልተዋወቀም። ድሮ ልጅ ፎርፎ ሲዞር ባለሱቁ «አንተ! ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ይለው ነበር። ስምንተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ የሚል ባለሱቅ የለም። ስለዚህ በአዲሶቹ ሰፈሮች ትምህርት ቤቱ ራሱ ሰዎቹን ማስተዋወቅ ሊኖርበት ነው። ከባድ ነው። ግን ሌላ የጋራ ነገር የለንም፤ ሊፍቱም አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ቅጥር ግቢያችሁ ውስጥ ያሉትን እናቶች ጠይቁ። ከተማው የምገባ ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ቁርስና ምሳ የሚያበስሉ የሰፈር እናቶች አሉ። በየቀኑ እያንዳንዱን ልጅ ፊት ለፊት የሚያዩ ሰዎች እነሱ ብቻ ናቸው። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «እንጀራውን ግማሽ በልቶ ግማሹን ኪሱ የሚከት ልጅ አለ። ለታናሽ እህቱ ነው።» ሌላዋ ደግሞ ሰኞ ሰኞ ከሁሉ በላይ የሚርባቸውን ልጆች በስም ቆጠረችልኝ። ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው ምን እንደሚበላ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ይህ ወሬ መምህራን ክፍል ደርሶ ያውቃል? ከወተመህ አባላት መካከል አንዷ መጋቢ እናት ብትሆን ምን ይከብዳል? ጥበቃውንም ጨምሩ። ማን አርፍዶ እንደሚመጣና ማን በአጥር እንደሚዘል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አያቴ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ እየለመኑ ነው የተማሩት። የሚያበላቸው ሰው ዘመዳቸው አልነበረም። ልጁ የማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ተማሪ መሆኑ ይበቃዋል። ውሻው ብቻ ነበር የማይስማማው። አያቴ እግራቸው ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳዩን ይስቁ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ወላጅ ስለሌላቸው ልጆች ነው። የማታ ተማሪዎችን አስቡ። ሰው ቤት ተቀጥረው ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ ሴቶች ልጆች አሉ። ከገጠር ከመጡ ወዲህ ወላጆቻቸውን ያላዩ። እሷን «ወላጅ አምጪ» ስትሏት ማንን ታምጣ? አሠሪዋን? አሠሪዋ ይህን ስትሰማ «ትምህርቱ ይቅርብሽ» ብትላትስ? እውነተኛ እናታቸው አረብ አገር ያለች ልጆችም አሉ። አያት ናቸው የሚያሳድጓቸው፤ አያት ደግሞ ካርዱን አያነቡም፣ ጉልበታቸው ደረጃውን አይወጣም። እናቲቱ ግን ሪያድ ወይም ቤሩት ሆና በየምሽቱ በኢሞ ልጇን ታያለች። መምህሯ በቴሌግራም አንድ ደቂቃ ቮይስ ብትልክላት፣ ከኔ ከአዲስ አበባው አባት ይልቅ እሷ ቶሎ ትመልሳለች። ስለዚህ «ወላጅ» የሚለውን ቃል ሰፋ አድርጉልን። በመስከረም ምዝገባ ላይ ልጁን ራሱን ጠይቁት፦ «ስለ አንተ የሚገደው ትልቅ ሰው ማነው?» መልሱን ጻፉ፣ ስልኩን ያዙ። አክስት ትሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የንስሐ አባት ይሁን፣ የመድረሳ ኡስታዝ ይሁን። ያኔ አጎት መከራየት አያስፈልግም።

አራተኛው ትንሹ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። የአየር ሰዓት።

መምህራን በገዛ ካርዳቸው እንዲደውሉልን መጠበቅ ነውር ነው። ደሞዛቸውን እናውቃለን፤ አንዳንዶቹ የኔን መኪና የሚሳፈሩት ሁለት ፌርማታ በእግራቸው መጥተው ነው። ለእያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ በየወሩ ካርድ ይሰጥ። በቀን ሁለት ወላጅ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፦ 58 ልጅ ለሁለት ሲካፈል 29 የትምህርት ቀን ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ተዳረሰ ማለት ነው። አንድ ሁኔታ ግን አለኝ። የዓመቱ የመጀመሪያ ጥሪ ጥፋት አይነሳበትም። «ልጅዎ ክፍል ውስጥ እንዲህ ይመስላል፣ ቤትስ እንዴት ነው?» ብቻ። ከዚያ በኋላ ጥፋት ሲኖር ስትደውሉ እንሰማችኋለን።

ለኛ ለወላጆችም የምለው አለኝ፤ ደብዳቤው ለኛም ነው ብያለሁ። «እኔ አልተማርኩም፣ ምን ላግዘው?» የምትሉ አላችሁ። ባለቤቴ ማንበብ አትችልም። ግን ከመነጽሩ በኋላ የምታደርገውን ልንገራችሁ። ማታ ማታ ደብተሩን ትገልጣለች። ቀን የተጻፈበትን ቦታ ልጁ አሳይቷታል። ትናንት የነበረው ገጽ ዛሬም የመጨረሻ ከሆነ «ዛሬ ለምን አልጻፍክም?» ትላለች። ቀይ እስክሪብቶ ስታይ «ይሄ ምን ይላል?» ትላለች። ያነብላታል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ሊሸውዳት ሞክሮ ነበር፤ ጉሊት ላይ ሃያ ዓመት የኖረችን ሴት ማን ይሸውዳል? ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ደብተር የምታየው ግን እሷ ናት።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሰዓቷን ቁጠሩላት። የኔዋ ታላቅ ልጅ ከትምህርት ቤት ገብታ ውሃ ትቀዳ፣ ወጥ ትሠራ፣ ታናናሾቿን ታጥብ ነበር። ለጥናት የሚተርፋት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ወንዱ በዚያ ሰዓት ኳስ ያያል። ይህንን ያመቻቸሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

ጀብሎውስ? አሁንም ተራው ላይ አለ። ከ9ኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ወተመህ ላይ ስሙን አንስቼ ትምህርት ቤቱ አካባቢ ለሚዞሩ ልጆች ዓይን ይሁነን፣ ቀሪ ሲያይ ይደውልልን አልኩ። ግማሹ ሳቀ። አንዱ «ሲጋራ የሚሸጥ ሰው?» አለ። ልክ ነው፣ ሲጋራ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለተማሪ እንደማይሸጥ በእናቱ ስም ምሎልኛል፤ ሳጥኑንም አልፎ አልፎ አየዋለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ ሐሳቤ «ለቀጣይ ውይይት ተላልፏል» ተብሎ ተጻፈ። ቀጣዩ ውይይት እስካሁን አልተጠራም። እሱ ግን ይደውልልኛል።

ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ነው፤ የሚኒስትሪ ተፈታኝ። ጎበዝ ተማሪ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ሒሳብ 38 የነበረው 54 ገብቷል። መነጽሩን አንዴ ሰብሯል። የሚቀመጠው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ከኋላው ያሉት ልጆች ጭንቅላቱ ከልሎናል እያሉ ይከሱታል።

ባለፈው ሐሙስ ከመገናኛ ሞልቼ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። የመምህሯ ቁጥር ነው። ልቤ ዱብ አለ። ፍሬን ያዝኩ፣ ጥግ ቆምኩ። ተሳፋሪው «ሾፌር፣ ምነው?» እያለ ነው። «ቲቸር፣ ምን አደረገ?» አልኳት።

«ምንም አላደረገም። ዛሬ ሰሌዳ ወጥቶ ሠራ። ይወቁት ብዬ ነው።»

ኋላ ያለችው ሴትዮ «እኛ ሥራ አለብን እኮ!» አለች። ወያላዬ ወደ እሷ ዞሮ «አንዴ ይታገሡ እናቴ፣ የልጁ ትምህርት ቤት ነው» አላት።

ከአክብሮት ጋር
የ8ኛ ሲ ተማሪ አባት